እግሬ መሬት ያጣባት ቅዳሜ

ሞተሩን ከመንካቴ በፊት አምስት ቦታ ላይ ፈረምኩ። ብወድቅ ኃላፊነቱ የኔ ነው። ሰው ብገጭም የኔ። ሞተሩን ከጣልኩት ደግሞ የመጀመሪያው 1,000 ዶላር ከኪሴ ይወጣል። ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ ነው ያነበብኳት። ሻጩ ጺሙን ደረቱ ድረስ ያሳደገ፣ ደስ የሚል ሰውዬ ነው። ፊቴን አይቶ ሳቀና «አይዞህ፣ ማንም ጥሎት አያውቅም» አለኝ። ማንም ጥሎት የማያውቅ ከሆነ ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን ይሠራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዲሲ ወደ ምዕራብ፣ ከተማው አልቆ የፈረስ እርሻው በሚጀምርበት የቨርጂንያ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳዲስ ሞተሮችን ያስሞክራል። መንጃ ፈቃድህ ላይ የሞተር ምልክቷ «ኤም» ካለች፣ ሄልሜት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ካለህ፣ ትፈርምና ትነዳለህ። ለወራት ሳመነታ ከርሜ እንቁጣጣሽ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተመዘገብኩ። ከአሌክሳንድሪያ ያደረሰኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። ሞተር አይወድም። የመጣው ስወድቅ ለመቅረጽ እንደሆነ መንገድ ላይ በግልጽ ነግሮኛል።

የተመዘገብኩት ቢኤምደብሊው አር 1300 ጂኤስን ለመሞከር ነው። ሞተር ለማትከታተሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። አድቬንቸር የሚባሉት ሞተሮች ማለት ላንድክሩዘርን በሁለት ጎማ ማሰብ ነው። ረጃጅም ናቸው። ሻንጣ ይጭናሉ። አስፋልቱም ፒስታውም ላይ ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ ተብለው ነው የሚሸጡት። ይሄዳሉም። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ ብዙዎቹ ጭቃ ሳይነካቸው ነው የሚያረጁት፣ ልክ ከቦሌ ሳር ቤት፣ ከሳር ቤት ቦሌ ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን እንደሚጨርሱት ቪ8ቶች።

የኔ ጉዳይ ይለያል። (ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ አውቃለሁ።) እኔ ያደግኩት ሞተር ላይ ነው። አባቴ ደብረ ታቦር ዙሪያ የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞርባት ያማሃ ኤጂ 100 መሥሪያ ቤቱ ሰጥቶታል። ኤጂ የምትለዋ ራሷ ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠች ናት። አስር የፈረስ ጉልበት የማትሞላ፣ ክብደቷ መቶ ኪሎ ገደማ የሆነች፣ ግን ገበሬ አስቦ የሠራት የምትመስል ሞተር። ከፊትም ከኋላም መጫኛ አላት። ካቴናዋ ጭቃ እንዳይገባባት ዙሪያውን ተሸፍናለች። ፍሪሲዮኗን ጨብጠህ የምትቆልፍባት ትንሽ መያዣ አለች፤ ወርደህ የበረት በር ትከፍትና ሞተሩ ሳይጠፋ ትመለሳለህ። ማቆሚያ እግሯ ደግሞ በግራም በቀኝም ነው። ልጅ ሆኜ አንድ እግር ብቻ ያለው ሞተር ሳይ ሌላው የተሰበረበት ይመስለኝ ነበር።

የቤንዚን መያዣዋ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል። ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታቃጥል ስለሆነች ክፍል ስገባ ልብሴ ጭስ ጭስ ይላል። ያኔ ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበረች። «ሞተር ሲሄድ አይጥልህም፣ ሲቆም ነው።» እኔ ደግሞ አሥራ ምናምን ዓመቴ፣ የሚያሳስበኝ ፍጥነት ብቻ። የቆመ ነገር እንዴት ይጥላል?

ቢኤምደብሊውን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ትንሽ የሞኝ ነው። ኩባንያው አር 80 ጂ/ኤስ የሚባለውን ሞተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። 50 የፈረስ ጉልበት፣ 186 ኪሎ። ጂዋ በጀርመንኛ ከመንገድ ውጭ ያለውን ምድር፣ ኤስዋ ደግሞ መንገዱን ያመለክታሉ። በዓመቱ፣ በ1981፣ ለውድድር በተሰናዳ በዚሁ ሞተር ፓሪስ ዳካር የሚባለውን የበረሃ ውድድር ያሸነፈው ዩበር ኦሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በ1983 ደገመው። በ1992 ደግሞ በመኪና አሸነፈ፤ በሞተርም በመኪናም ዳካርን በማሸነፍ የመጀመሪያው እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው የት ተወለደ? አዲስ አበባ። በ1952። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው «አፍሪካዊው» እያሉ ነበር የሚጠሩት። በ2021 አረፈ። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ጂኤስ ባየሁ ቁጥር የሰፈር ልጅ ያሸነፈበት ሞተር ነው የሚመስለኝ። ምን ላድርግ፣ አንዴ አዲስ አበባ ከተወለደ የኛ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። 1300ው ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ነው። ወረቀቱ ላይ 145 የፈረስ ጉልበት፣ ነዳጅ ተሞልቶ 237 ኪሎ ይላል። ከበፊቱ 1250 በ12 ኪሎ ቀንሷል። 19 ሊትር ይይዛል። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ጆሮ በግራና በቀኝ ወጣ ብለው ተጋድመዋል፤ ኩባንያው ከ1923 ጀምሮ ይቺን ነገር አልተዋትም። (በአማርኛ ሙሉው ነገርም ሞተር፣ ውስጡ ያለውም ሞተር ስለሆነ ግራ ከተጋባችሁ ይቅርታ። እኔም እየተጋባሁ ነው የምጽፈው።) ካቴና የለውም። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው እንደ መኪና በብረት ዘንግ ነው። ካቴና ማጠብ፣ ማጥበቅ፣ ዘይት መቀባት የሚባል ነገር ቀረ። አባቴ ቢያየው መጀመሪያ የሚወድለት ይሄን ነው።

እኔን የሚመለከተኝ ቁጥር ግን ሌላ ነው። መቀመጫው ከመሬት 850 ሚሊሜትር። እኔ ደግሞ ጫማ አድርጌ 1.70 ብሆን ነው። ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሁለቱንም እግሬን ባንዴ ሳወርድ መሬት የነካው የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነው። አንዱን እግር ደህና አድርጌ ልርገጥ ካልኩ መቀመጫው ላይ ወደዚያው ጎን መንሸራተት አለብኝ፣ ያኔ ሌላው እግሬ አየር ላይ ይቀራል። ጓደኛዬ ስልኩን ደቅኖ «ሽመላ መስለሃል» አለኝ።

ራሴን ለማጽናናት ጋስቶን ራይዬን አሰብኩ። ቤልጂየማዊ ነው፣ በ1984ና በ1985 ዳካርን በቢኤምደብሊው ያሸነፈ። አጭር ሰው ስለነበር በዚያ ግዙፍ የበረሃ ሞተር ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት አይደርስም። ስለዚህ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ሞተሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነበር እንደ ፈረስ የሚፈናጠጠው። ጥሩ ነው። ግን እሱ በሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈር ሜዳ ላይ በሚደረገው የሞተር ውድድር፣ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው። እኔ በሳምንት አምስት ቀን ኮምፒውተር ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ።

አራት ሆነን ወጣን፣ አንድ መሪ ከፊት። መንገዱ ስኒከርስቪል ተርንፓይክ የሚባለው ነው። አካባቢውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ፣ መሐል ላይ ያረጀ የድንጋይ ድልድይ። ሱቁ ለመሞከሪያ ይሄን በመምረጡ አመስግኛለሁ።

ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አድርጌ ሁለት ሜትር ሳልሄድ ክብደቱ ጠፋ። በእውነት የት እንደሄደ አላውቅም። ሱቁ በር ላይ ስገፋው የቆመ በሬ የሚያህል ነገር፣ ኩርባ ላይ በዓይንህ ብቻ የምታዞረው ብስክሌት ሆነ። በአራተኛ ማርሽ ቀስ እያልክ ነዳጅ ብትሰጠው እንኳ አያጉረመርምም፣ ይነሳል። ወደ አምስተኛ የሚቀየረው ፍሪሲዮን ሳይያዝ ነው፤ በእግርህ ጫፍ ገፋ ማድረግ ብቻ። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

የገረመኝ ፍሬኑ ነው። ሌላ ሞተር ላይ የፊት ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ስትይዝ አፍንጫው መሬት ይደፋል፣ ሰውነትህ ያንን ለምዷል። ይሄ አይደፋም። የፊት ሾኩን ከሌላው ሞተር ለየት ባለ መንገድ ነው የሚሠሩት፣ የፍሬኑ ጉልበት ሞላውን እንዳይጫነው አድርገው። ኩርባ ልገባ ስል ያዝኩት፣ አፍንጫው ቀጥ እንዳለ ነው። አልያዘልኝም ብዬ ልቤ ቀጥ አለች። ፍጥነት መለኪያውን ሳይ ግን ከ50 ማይል 25 ገብቷል።

ራዳርም አለው። ከፊትህ ያለውን እያየ ርቀቱን ራሱ ይጠብቃል። ልሞክረው ብዬ ግራ እጀታው ላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን ስነካ የእጅ ማሞቂያውን አበራሁት። በዚያ ሙቀት። እንዴት እንደሚጠፋ ለማወቅ ደግሞ ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ ትልቁ ስክሪን ውስጥ ዝርዝር ማገላበጥ ነበረብኝ። ተውኩት። የቀረውን መንገድ መዳፌ እየተቀቀለ ነዳሁ።

አሁን ወደ መገንጠያው።

ወደ ዋናው መንገድ ልንወጣ ስንል የማቆሚያ ምልክት አለ። ቦታው ዳገት ነው። አስፋልቱ ለዝናብ ውሃ ተብሎ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፣ ጫፉ ላይ ጠጠር ተበትኖበታል። ከፊቴ የነበሩት ሁለቱ አለፉ። እኔ ስደርስ ፒክአፕ ብቅ አለ። ቆምኩ። ዳገት ላይ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬኑን ስለሚይዝ የሚወርደው ግራ ነው፣ ሁልጊዜ የማደርገውም እሱን ነው። ሞተሩ ግን ወደ ቀኝ አዘነበለ። ቀኝ እግሬን ከፍሬኑ አንስቼ አወረድኩት። ወረደ። ወረደ። መሬት የለም። ጨለማ ውስጥ አንድ ደረጃ ቀርቶኛል ብለህ እግርህን ስትሰነዝር ደረጃው ቀድሞ አልቆ ሲገኝ ሆድህ ውስጥ የሚሰማህ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው፣ በ237 ኪሎ ተባዝቶ።

በመጨረሻ የጫማዬ ጫፍ ጠጠር ላይ አረፈ። ጠጠሩ ተንከባለለ። የ1,000 ዶላሯ መስመር ዓይኔ ላይ መጣች፣ ከነፊርማዬ። የፊት ፍሬኑን አንቄ፣ ግራ ታፋዬን ታንኩ ላይ አጣብቄ፣ መሪውን ወደ ግራ ጎተትኩት። በጉልበት አልነበረም፤ ጉልበት የለኝም። ምናልባት በድንጋጤ። ተመለሰ። ሁሉም ነገር ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። የፒክአፑ ሹፌር እጁን አውለብልቦልኝ አለፈ፤ ሰላም ያልኩት መስሎታል። ጉልበቴ ግን ሱቁ እስክንደርስ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነዳሁት ሌላ ሞተር ነው። ማለቴ ሞተሩ ያው ነው፣ እኔ ግን እያንዳንዱን መገንጠያ ከሩቅ ማየት ጀመርኩ። ዳገት ነው ቁልቁለት? ወደየት ያዘነብላል? መኪና አለ? ኩርባዎቹ እንዴት እንዳለፉ አላስታውስም።

ስመለስ ለሻጩ ነገርኩት። ማፈር ነበረብኝ፣ ግን አላፈርኩም። ጺሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ቆይ» ብሎ ሌላ 1300 አወጣ። ይሄኛው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ዕቃ አለው፤ ፍጥነቱ ቀንሶ ለመቆም ሲቃረብ ሾኮቹ ራሳቸው ሞተሩን 30 ሚሊሜትር ዝቅ ያደርጉታል፣ ሲፈጥን ደግሞ መልሰው ያነሱታል። 850ው 820 ይሆናል ማለት ነው። ግመል ስትጫን ትንበረከክ የለ? እንደዚያ። ሦስት ሳንቲሜትር ምን ዋጋ አለው ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ለኔ ግን በጫማ ጫፍና በውስጥ እግር መሐል ያለው ልዩነት እሱ ነው። ያንኑ መንገድ ብቻዬን ደገምኩት፣ ያው መገንጠያ ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ፣ ቀኝ እግሬን ሆን ብዬ አወረድኩ። መሬት አገኘሁ። የሚገባኝን ያህል ባይሆንም አገኘሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የምንሞክረው አድቬንቸር ሞተር ነው፣ ፒስታ ግን ክልክል ነው። ይህ ላውደን የሚባለው ካውንቲ እኮ ከ250 ማይል በላይ ያልተነጠፈ መንገድ አለው፤ ከሱቁ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ አቧራው ይታያል። የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው አሉ። ስለምናቸው ከሱቁ ኋላ ያለው ጠጠር የተነጠፈበት መኪና ማቆሚያ ላይ እንድዞር ፈቀዱልኝ። መርገጫው ላይ ቆሜ፣ ሞተሩን «ኤንዱሮ» ወደሚለው የፒስታ አነዳድ አድርጌ፣ በቆሙ መኪኖች መሐል ስምንት ቁጥር ሠራሁ። ጥሩ ነበር። ከዚያ ያለፈ የምናገረው የለኝም፣ መኪና ማቆሚያ ላይ የተዞረ ዙር ነው።

ዋጋውን ልንገራችሁ። ባዶው፣ በዚህ በአሜሪካ፣ ሲወጣ 18,895 ዶላር ነበር። ባዶው ማለት ግን ማንም የማይሸጥላችሁ ማለት ነው። ራዳሩ፣ የሚንበረከከው ሾክ፣ ሻንጣው ሲደመር ከ25 ሺህ ያልፋል። ስለዚህ መሬት እንድነካ ብቻ ተጨማሪ ልከፍል ነው። ጓደኛዬ ሲመለስ መኪና ውስጥ «ለረጅም ሰው በቅናሽ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አላገኘሁለትም።

ብዙ ያሰብኩት በመመለሻው ነው። ሕልሜ ሊማሊሞ ነው። አንድ ቀን ሞተር ጭኜ አገር ቤት ገብቼ፣ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ደጀን ወጥቼ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር አድርጌ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን መውረድ። ይህን ሞተር ሳስብ ሁልጊዜ የማየው ኩርባው ላይ ተጋድሜ ስወርድ ነው፣ ጀግና ሆኜ። አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ኩርባው ላይ የጭነት መኪና ቆሟል። ፍየሎች መንገዱን ሞልተውታል። እኔ ሻንጣ ጭኜ፣ ደክሞኝ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ባዘነበለበት በኩል ቆሜያለሁ። የትኛውን እግር ነው የማወርደው? ብወድቅስ፣ 237 ኪሎና ሻንጣውን ከፍየል ጠባቂው ልጅ ጋር ነው የማነሳው?

ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ ተመዝግቤያለሁ። ሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን 450። 40 የፈረስ ጉልበት፣ 196 ኪሎ፣ መቀመጫው 825፣ ያውም ያለምንም መንበርከክ። ሲወጣ 5,799 ዶላር። ካቴና አለው፣ ማጠብ ነው እንግዲህ። ራዳር የለውም። ሀይዌይ ላይ ከጂኤሱ ጋር እንደማይወዳደር ወረቀቱን አይቶ ማንም ይነግረኛል። መገንጠያ ላይ ግን ቆሜ ልየው።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ጡረታ ወጥቶ ባሕር ዳር ነው ያለው። ፎቶውን ልኬለት ነበር፣ እህቴ ናት ያሳየችው። ስለ መገንጠያው አልነገርኩትም፤ ለምን ላስጨንቀው።

«አየሁት» አለኝ። «ስንት ኪሎ ነው?»

ነገርኩት። ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። ካቴናውን አጣሁት።»

«የለውም አባዬ፣ በዘንግ ነው የሚሄደው።»

«ጎሽ። ይሄ ጥሩ ነው።» ትንሽ ቆየና «ማቆሚያ እግሩስ?» አለ።

«ምን ሆነ?»

«በሁለቱም በኩል ነው?»

«አይ፣ የጎኑ በግራ ብቻ ነው።»

«ታዲያ በቀኝ ሲያዘነብልብህ ምን ልታደርግ ነው?»